የአክስቴ ዓይን ሞራው ከተገፈፈ በኋላ

አክስቴ ካርቱም ውስጥ ሰው ቤት እያበሰለች የኖረች የወሎ ሴት ነበረች። ስኳር ከያዛት ከዓመታት በኋላ ዓይኗን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙ «መጀመሪያ ስኳሩ ይውረድ» እያለ ቀዶ ጥገናውን ሁለቴ አራዘመው። ለብቻዬ ጠርቶም፣ «ሞራውን እገፍፋለሁ፤ ስኳሩ ከዓይኗ በስተጀርባ የጎዳውን ግን መመለስ አልችልም» አለኝ። ለእሷ አልነገርኳትም።

ፋሻው በተነሳ ማግስት በአውቶቡስ ወደ ኦምዱርማን ተሻገርን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ነጭ አባይና ሰማዩ በአቧራማው ብርሃን እንደ ሕልም ተቀላቅለው ነበር።

«ውሃው ታየኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ። ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺ ፊት ግን መሃሉ ጭጋግ ነው። ሐኪሙ ነግሮሽ ነበር?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

ከዚያ ራሷን ዘንበል አድርጋ በዓይኗ ጠርዝ ፈለገችኝ።

«ለካ ሸብተሻል!» ብላ ሳቀች።