የማዕከሉ አፍንጫ

በሩዝ ምርምር ማዕከሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «አፍንጫችን» ነበር የሚላት። አፍንጫዋ እንኳ ለዓይን የሚሞላ አይደለም፤ ትንሽዬ ጎራዳ ነው። «በዚህች ነው የምታሸቺው?» ብለው ሲቀልዱባት፣ «ዋናው ጓዳው ነው፤ ደጁን ተዉት» ትላቸዋለች። ጎረቤት ሥራዋን ጠይቆ «ሽታ» ስትለው «በሽታ?» እያለ ሲደነግጥ ደግሞ ከልቧ ትስቅ ነበር።

አናጢ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሽቶ ሳትቀባ፣ ነጭ ሽንኩርት ሳትቀምስ፣ ከሌሎቹ አሽታቾች ጋር ትቀመጣለች። ባልደረባዋ የቀቀለችው ሩዝ በትንንሽ ብልቃጥ ተደርጎ ይቀርብላቸዋል። ክዳኑን ከፈት፣ ሳብ፣ ከዚያ ነጥብ መስጠት ነው።

የልጇ እኩያ የሆነችው ተመራማሪ ዶክተር ነገሩን አንድ ቀን አስረድታታለች። «አንድ ቤተሰብ ውስጥ ጎራዳ ሲበዛ ከማን ወረሱት እንላለን አይደል? ሩዙም እንደዚያ ነው። የእያንዳንዱን ዓይነት ዘረመል አንብበናል። የትኛው ጥሩ እንደሚሸት እናንተ ትነግሩናላችሁ። ከዚያ የሚሸቱት ሁሉ የሚጋሩትን፣ የማይሸቱት ግን የሌላቸውን የዘረመል ቦታ እንፈልጋለን። እሱን ካገኘን፣ መልካም ሽታውን ብዙ ምርት ወደሚሰጠው ሩዝ በማዳቀል ማሻገር ይቀለናል።»

«ጎራዳ ያልሽው እኔን ነው?» አለቻት፤ ተሳሳቁ።

ሥራው ሊገባደድ ሲል ትኩሳት ጣላት። ተሽሏት በተነሣች ማግሥት እሳት ላይ የጣደችው ድስት አርሮ ከሰል ሆነ። እሷ አጠገቡ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ልብስ ትጠቅማለች፤ በጢሱ ደንግጣ በሩን በርግዳ የገባችው ጎረቤቷ ናት።

«ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ብላ ሥራ ገባች። አለቀቃትም። ከአፍንጫዋ ሌላ ምን አላት? የሌሎቹን ፊት ሰረቅ አድርጋ እያየች በግምት ነጥብ ትሰጥ ጀመር።

ዶክተሯ ግን አንዱን ሩዝ በሁለት ብልቃጥ አድርጋ፣ ሳታሳውቅ ደጋግማ የማቅረብ ልማድ ነበራት። የአፍንጫችን ነጥብ ሁልጊዜ ይገጥም ነበር፤ አሁን አልገጥም አለ። እሷን ማን ይጠርጥር! ዶክተሯ ቀቃይዋ ላይ ጮኸችባት። ቀቃይዋም ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ «እጄን ምን ነካው?» እያለች አለቀሰች።

አፍንጫችን ይህን ሰምታ መቀመጥ አልሆነላትም። ቀጥ ብላ ዶክተሯ ቢሮ ገባች።

«ዶክተርዬ፣ እሷን ተያት። ሩዙ ደህና ነው፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አይሸተኝም። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

ዶክተሯ የነጥቡን መዝገብ ገልጣ አየችው። ከዚያ፣ «ምነው ቢነግሩኝ?» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣም ሐዘንም ነበረው። አፍንጫችን ከበሽታው በኋላ የሰጠችው ነጥብ ሁሉ ተሰረዘ። ቀቃይዋ ለረጅም ጊዜ አኮረፈቻት። ሐኪሙም «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አላት። አልተመለሰም።

ቤቷ በር ኋላ የባሏ የሥራ ካፖርት ተሰቅሏል። ከሞተ ጀምሮ ውኃ አስነክታው አታውቅም፤ ሲናፍቃት ፊቷን ትቀብርበታለች፤ እንጨት እንጨት፣ ኮላ ኮላ ይላል። አንድ ቅዳሜ አውርዳ ሳበችው፤ ደግማ ሳበችው። ጨርቅ ነው። ያን ዕለት በሳሙና አጥባ አሰጣችው።

የሚፈለገው የዘረመል ቦታ በመጨረሻ ተገኘ፤ ጤነኛ ሳለች የሰጠችው ነጥብ እንደረዳ ዶክተሯ በሰው ፊት ተናግራ አመሰገነቻት። ከእንግዲህ ሩዙ እስኪያፈራ መጠበቅ፣ መቀቀል፣ ማሽተት ቀረ ማለት ይቻላል፤ ከችግኙ ቅጠል ትንሽ ቀንጥቦ መመርመር ይበቃል። ማሽተቻው ክፍል የዘር መጋዘን ሆነ። እሷም እዚያው ዘር ለቀማ ላይ ተመደበች።

ዓመታት አልፈው አዲሱ ሩዝ ገበያ ወጣ። ምራቷ ገዝታ መጥታ ቀቀለችው። ክዳኑን ስታነሣ፣ «እማዬ፣ ሲያውድ!» አለች።

«ምን ምን ይላል?»

ምራቷ ተጨነቀች። ደግማ አሸተተች፤ ቃል ፈለገች፤ አጣች። «እ… ሩዝ ሩዝ ይላል።»

«ሩዝ ሩዝ!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ እንባ አመጣ፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው አላለቀም። ምራቷ እሳቱን አጥፍታ አጠገቧ ተቀመጠች።