ብቻውን የሚገጥመው ሹፌር

ኮኪት ከተማ ውስጥ ያለው ኢንተርኔት ቤት እሑድ ጠዋት ሲከፈት ቀድሞ የሚገባ አንድ የትራክተር ሹፌር አለ። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ሸሚዙ ናፍታ ናፍታ ይሸታል። ሱሪውን ጠፍሮ የያዘው አሮጌ የወታደር ቀበቶ ነው። ከመቀመጡ በፊት ማውሱን እንዳያቆሽሽ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ይጠርጋል።

የሚጫወተው የተኩስ ጨዋታ ነው። ለብቻ የሚገጥሙበት ደረጃ አለው፤ ጨዋታው ራሱ ከየአገሩ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች አገናኝቶ በቡድን የሚያጋጥምበትም አለው። ሹፌሩ በብቻው ደረጃ ቤቱ ውስጥ የሚደርስበት የለም። የቡድን ደረጃው ግን ባዶ ነው፤ አንድም ጊዜ ገጥሞበት አያውቅም።

የቤቱ ባለቤት ፅዮን አንድ ቀን፣ "በቡድንም ሞክር እንጂ" አለችው።

"እዚህ መብራት ይሄዳል።"

"ቢሄድስ? አንተ ምን አጠፋህ?"

"እነሱ መብራት መሄዱን በምን ያውቃሉ? የሚያዩት መሀል ላይ ጥያቸው መጥፋቴን ነው።" ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። "አንድ ጊዜ ጓዶቹን ጥሎ ሸሸ ተብያለሁ። እሱ ይበቃኛል።"

ፅዮን ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እኔ ቀበቶውን አየሁት።

የዚያኑ ዕለት እኩለ ቀን ላይ መብራቱ ሄደ። ማራገቢያው ሲቆም ሁላችንም ሙቀቱን ሸሽተን ወደ ዛፉ ጥላ ወጣን። እሱ እጁን ከማውሱ ሳያነሳ የጠቆረው ስክሪን ፊት ቀረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ መጥቶ ስንመለስ፣ እዚያው ነበር።