ታጥቀው የመጡ እናት

ሞላሌ ላይ ባለቤቴና እኔ የከፈትነው የሙዚቃ ቤት ቀድሞ ወፍጮ ቤት ነበር። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ከተማው ሲገባ የናፍጣው ወፍጮ ገበያ አጣና ጌታው፣ አንድ ሽማግሌ፣ አዳራሹን አከራዩን። ግድግዳውን ቀለም ቀባን፣ አግዳሚ ደረደርን፣ ለእኔና ለባለቤቴ ማሲንቆ የምትበቃ መድረክ ሠራን። ሞተሩና የወፍጮው ድንጋይ ግን ከጥግ አልተነሱም። ሽማግሌው ገዥ ሲመጣ ዋጋ እየሰቀሉ ይመልሱታል፤ በየሳምንቱም መጥተው ሞተሩን ግራሶ ይቀቡታል። ቀሚሴ ግራሶ በነካው ቁጥር እጨቃጨቃቸዋለሁ።

"ልጄ፣ ከአንቺ በፊት ለዚህ ከተማ የዘፈነው እሱ ነው፤ ታገሽው" ይሉኛል።

እኔ ምላሴ ከሐሳቤ የሚቀድም ሴት ነኝ። ለአዝማሪ ይህ እንጀራ ነው። በር አልፎ የገባ ሰው በግጥም ይነካል፤ ወፍራሙ ውፍረቱ፣ ቀጫጫው ቅጥነቱ ይነሣበታል፣ እሱም ስቆ ይሸልማል። ደንቡ ነው። የተቀየመኝ ቢኖር ራሱ ይወቅ እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ከጠፋ በሁለተኛው ቀን፣ ጄኔሬተር አስነሥተን እየዘፈንን ነበር። ቤቱ ሙሉ ነው። በሩ ተከፈተና አንዲት እናት ስልቻ ገብስ አዝለው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ታጥቀው ገቡ። የጄኔሬተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ወፍጮው ሥራ ጀምሯል ብለው ነው። ይህ ገባኝና ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ማሲንቆውን ሳያቋርጥ እንዲህ አልኩ፦

ወፍጮ ቤት መስሏቸው ገብስ ተሸክመው፣
እማማ መጡልን ሊጨፍሩ ታጥቀው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው እዚያው በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ሲዞር የተላጨ ራሳቸውን፣ ነጠላቸው የተዘቀዘቀውን አየሁ። የታጠቁት ለለቅሶ ነበር። እኛ ዘንድ ለጭፈራም ለሐዘንም ወገብ የሚታሰረው በዚያው በነጠላ ነውና፣ እኔ ዓይኔን ሳላጠራ አንዱን ለሌላው አደረግሁት። ባለቤቴ ማሲንቆውን አስቀመጠ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ወርጄ ስልቻውን ተቀበልኳቸውና "ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አላየሁም" አልኳቸው።

"ወፍጮ አይደለም እንዴ?" አሉኝ እንጂ ስለ ግጥሙ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ልጃቸው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ፣ በወባ ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። ነገ እሑድ ተዝካሩ ነው። የዳቦው ዱቄት ጎደለባቸው፤ የመብራቱ ወፍጮ ደግሞ ቆሟል። ሁለት ሰዓት ነው የተጓዙት።

የወፍጮው ጌታ ሽማግሌው ያን ዕለትም መጥተው ነበርና ከአግዳሚው ተነሡ። ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና "ሰዉ ትንሽ ፈቀቅ ይበል" አሉ። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘውን ቺንጊያ አስገቡ፣ ማንሻውን ሦስት ጊዜ አሽከርክረው በአራተኛው ሞተሩ ተነሣ። እንግዶቻችን በአቧራና በጭስ መካከል ቆመው ገብስ ሲፈጭ ያዩ ነበር፤ አንድም ሰው ጥሎ አልወጣም።

ዱቄቱ ሲወርድ እማማ አጠገቤ ተቀመጡ። "አንቺ ግጥም በአፍሽ ሙሉ ነው" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። "ልጄን ባዕድ ነው የቀበረው። አልቃሽ አልቆመለትም፤ እኔም ሬሳውን ሳላይ እንባ እምቢ አለኝ። ነገ መጥተሽ ሁለት ቃል ትይለታለሽ?"

እሺ ከማለት ሌላ ምን አፍ አለኝ። ለሙሾ የሚሆን ነገር ለመያዝ ጎበዝ ገበሬ ነበር ወይ፣ ደፋር ነበር ወይ እያልኩ ጠየቅኋቸው። ከስልቻው አፍ የፈሰሰውን ዱቄት በእጃቸው ሰበሰቡ።

"እውነቱን ልንገርሽ? ሰነፍ ነበር። ከመኝታው በውኃ ነው የሚነሣ። ብቻ እኔ ሳልቀምስ እህል በአፉ አይዞርም።"

ሌሊቱን ሙሉ ለዚያ ልጅ ጀግንነት ስፈልግለት አደርኩ። አንበሳውንም ነብሩንም አመጣሁ። ምንም አልቀመጥ አለኝ፤ ለማን እንደምዋሽ ራሴም ጠፋኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከግቢያቸው ደረስኩ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አልቃሾቹ ተራ በተራ "የጎበዝ አውራ፣ የወንዝ ድልድይ" እያሉ ያወርዱታል፤ እማማ ከመሀል ተቀምጠው ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ደረቅ ብለው ያያሉ። ተራው ሲደርሰኝ ተነሣሁ። ነጠላዬን ታጠቅሁና እንዲህ አልኩ፦

ሰነፍ ነበር እሱ ለአጨዳ ለእርሻ፣
እናቱ ሳትቀምስ አይውጥም ጉርሻ።

ከኋላዬ አንድ የሰፈር አዛውንት "ሙት ወቃሽ ሆነች እኮ" ሲሉ ሰማኋቸው። ዳግመኛ ምላሴ ገደለኝ ብዬ ወደ እማማ ዞርኩ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ያያሉ።

"እሱ ነው" አሉ፤ "እሱ ነው፣ ልጄ ነው" እያሉ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱለት።