በፊልሙ ያልተፈታው ቁልፍ ሠሪ

ጋሽ ሞረድ ቁጡ ሰው ነው። ኋላ አልነገርከንም እንዳትሉ ከወዲሁ መናገሩ ይሻላል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሞረድ ብረት የሚያለሰልስበት መሣሪያው ሲሆን ምላሱ ግን ያለሰለሰችው ነገር እስካሁን አልተገኘም። የተጣመመ ቁልፍ ይዞለት የመጣ ሰው «በዚህ ጠርሙስ ስትከፍትበት ነበር አይደል?» ሳይባል አይሄድም። ያም ሆኖ ሰዉ ቁልፍ ሲጠፋበት የሚሮጠው ወደ እሱ ነው፤ ጋሽ ሞረድ የቀረጸው ቁልፍ በር ላይ አያንገራግርማ።

ሱቁ በፋርማሲውና በደረጃው መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ እጁን የሚያስቀምጥበት የሚያጣባት ክፍል ናት። አንድ የመቅረጫ ማሽን፣ ጠረጴዛው ላይ የታሰረ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች በየዓይነታቸው ተንጠልጥለዋል። የናስ ብናኝ ከቅንድቡ ጠፍቶ አያውቅም። ቁልፍ ቀርጾ ሲጨርስ እፍ ይልበትና የቁልፉን ጥርስ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ቀስ አድርጎ ያስኬደዋል። ጣቶቹ በሥራ ብዛት ደንዝዘዋል፤ ከሞረዱ ያመለጠውን ሹል ነገር የምታውቅለት ከንፈሩ ብቻ ናት። ለደንበኛ የሚያቀርባት ጥያቄም አለችው፦ «በበሩ ስንት ሰው ነው የሚገባው?» ከቅጂ ላይ የተቀረጸ ቁልፍ እየዋለ እያደር ስለሚሳሳት፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ከዋናው ላይ አንዴ ቀርጾ መገላገል ይወዳል። ይኸው ነው ምሥጢሩ፣ ሌላ የለውም።

ከዓመታት በፊት በዚያ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች በየቤታቸው ታንቀው ይገኙ ጀመር። በር አልተሰበረም፣ መስኮት አልተነቀለም። ፖሊስ አሰበ፣ አሰበና በር ሳይሰብር የሚገባ ሰው ቁልፍ ያለው ነው፣ ቁልፍ ያለው ደግሞ ቁልፍ ሠሪ ነው አለ። ከሟቾቹ ሁለቱ የጋሽ ሞረድ ደንበኞች ነበሩ። በቃ፣ እጁን በካቴና አስረው ከዚያች ሱቅ ጎትተው አወጡት። ግንባሩን እንደቋጠረ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ሰውየው ግንባሩን ቋጥሮ የተወለደ መሆኑን ለጋዜጣው ማን ይንገረው። እስር ቤት ሳለ ሌላ ሴት ተገደለችና ያኔ ለቀቁት። ከቀብሯ ሄዶ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ፤ ከእስር ያወጣው የእሷ መሞት መሆኑን ሲያስብ እግሩ ወደ ፊት አልራመድ አለው።

ገዳዩ ኋላ ተያዘ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በሩን የከፈቱለት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቁልፍ የሚባል ነገር በእጁም አልነካ። ጋሽ ሞረድን ግን ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም። በጓሮ በር ነው ያስወጡት። ሲታሰር የፊት ገጽ የሰጠው ጋዜጣ ሲፈታ ከጎማ ማስታወቂያ ሥር አንዲት መስመር ወረወረለት። ልብስ ሰፊ ቢታማ ልብስ ይሰፋል፤ ቁልፍ ሠሪ ከታማ ግን አለቀለት፣ ሰው የቤቱን በር አምኖ ነዋ የሚሰጠው። ደንበኞቹን አንድ በአንድ ለመመለስ ስንት ዓመት ጥርሱን እንደነከሰ የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ናቸው።

እንግዲህ የፊልም ሰዎቹ የመጡት ሁሉም ነገር ከተረሳ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ወጣት ነበር። ስለዚያ ገዳይ አደን ልብ አንጠልጣይ ፊልም እየሠሩ እንደሆነ፣ ሳይበድል የታሰረው ቁልፍ ሠሪም በታሪኩ ውስጥ እንዳለ ነገረው። ተዋናዩ ሙያውን እንዲማር ጥቂት ጊዜ አጠገቡ ቢቀመጥ ምን ይለዋል?

ሚስቱ ማታ ስትሰማ ቱግ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ የዳነ ቁስል ነው እንዴ የምታሳክከው?»

«ስፈታም ይታያል ብለውኛል» አላት። «ከተማው ሁሉ በአንድ ላይ ቁጭ ብሎ ስፈታ ይየኝ። በጓሮ በር ነበር ያወጡኝ፤ አሁን በፊት በር ልውጣ።»

እሷም ነገሩን ተወችው። ስላሳመናት ሳይሆን፣ ባሏን እንደዚያ ዓይኑ በርቶ ካየችው ስለቆየች ነው።

ተዋናዩ ጨዋ ልጅ ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ» እያለ፣ የሚቀመጥበት እያጣ፣ ደንበኛ ሲመጣ ከበሩ ወጥቶ እየቆመ ተማረ። ጋሽ ሞረድም በሕይወቱ እንዲህ የሚያዳምጠው ሰው አግኝቶ አያውቅምና ያለውን ሁሉ ዘረገፈለት። ሞረዱ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማሽኑ ሲያፏጭ ምን ማለቱ እንደሆነ አሳየው። ከንፈሩንም አስተማረው። «በዝግታ፣ እንደዚህ፣ አትጫነው» እያለ የራሱን ቁልፍ በልጁ ከንፈር ላይ አስኬደለት። ጥያቄዋንም ነገረው።

ፊልሙ ሲመረቅ ቤተሰቡ ተጠራ። ጋሽ ሞረድ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ በግራው ሚስቱ፣ በቀኙ ያገባች ልጁና አማቹ ተቀመጡ። መብራት ጠፋ። ገና በመጀመሪያው ላይ ያቺ ሱቅ ብቅ አለች፣ ግን ጨለማ ውጧታል። ተዋናዩ አጎንብሶ ቁልፍ ሲሞርድ ይታያል፤ አንዲት ቆንጆ ሴት ፊቱ ቆማለች። እፍ አለበት። ከዚያ ቁልፉን በታችኛው ከንፈሩ ላይ ቀስ አድርጎ፣ ዓይኑን ከሴትዮዋ ሳይነቅል አስኬደው። ከንፈሩ አዳራሹን የሚያህል ሆነ። አንዳች የሚያሳክክ ሙዚቃ ከሥር ገባ። ተዋናዩ ቀና ብሎ «በበሩ ስንት ሰው ነው የሚገባው?» አለና፣ ትንሽ ቆይቶ «ብቻሽን ነሽ?» ጨመረበት። ከኋላ የተቀመጠች ሴት «እናቴ ድረሽ» ስትል ተሰማ።

ጋሽ ሞረድ ደሙ ፈላ፣ ግን ጠበቀ። መፈታቱ ይመጣል። ፖሊሱ ጠረጴዛ ደበደበ፣ ተጠርጣሪው ዝም አለ፣ ሌላ ሴት ሞተች። ገዳዩ ቆጣሪ አንባቢ ሲገለጥ መልከ መልካም፣ መጽሐፍ የሚያነብ፣ የሚናገረው ሁሉ የሚጠቀስ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ተሯሯጡ፣ ተታኮሱ፣ ጣሪያ ላይ ወጡ፣ ተያዘ። ሙዚቃው ከፍ አለ። ስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ። ቁልፍ ሠሪው አልተፈታም። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ያነሳም የለም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ልጁ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች፣ አማቹ ደግሞ ትንሽ ካጨበጨበ በኋላ ተወው።

ደረጃው ላይ ሁለት ወጣቶች ከፊታቸው እየወረዱ ነበር። «ቁልፍ ሠሪውም አብሮት ነበረ ማለት ነው?» አለ አንዱ። «እንዴ፣ ታዲያ ቁልፉን ማን ሰጠው?» አለ ሌላው።

ዳይሬክተሩን ከታች፣ ሰው ከቦት ሲስቅ አገኘው።

«ስፈታ የት አለ?»

«ጋሼ፣ ቀርጸነው ነበር እኮ። በጣም የሚያምር ትዕይንት ነበር» አለ ዳይሬክተሩ፣ እጁ ወዲያው መወናጨፍ ጀመረ። «ፊልሙ ሲንዛዛብን ጊዜ ቆረጥነው። ክፍት ተውነው፣ ተመልካቹ ራሱ ይመልሰው ብለን።»

«ተመልካቹማ መልሶታል። አሁን ደረጃው ላይ ሲመልሰው ሰማሁት።»

«ፊልም እኮ ነው ጋሼ። ስምዎ የትም ቦታ የለም።»

«ስሜ የለም፤ ከንፈሬ ግን አለ» አለ ጋሽ ሞረድ። «ፖሊስ እንኳ ሳያውቅ ነው ያሰረኝ። አንተ መፈታቴን አውቀህ፣ ቀርጸህ፣ አይተህ፣ ከዚያ በመቀስ ቆርጠህ መልሰህ አሰርከኝ። ከሁለታችሁ ማን ይብሳል?»

ተዋናዩ ከሰዎቹ መሀል ወጥቶ እጁን ሊይዘው ሲል ጋሽ ሞረድ እጁን ሰበሰበ። «አንተ በደንብ ተምረሃል» አለው። «አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው።»

ፊልሙ እንደ ጉድ ታየ። ሰልፉ መንገድ ተሻገረ፤ የጋሽ ሞረድ ደጅ ግን ጭር አለ። ሴቶች ራሳቸው መምጣት ትተው ወንድማቸውን ይልካሉ። የሚመጣው ሰው ማሽኑ አጠገብ ተጠግቶ እጁን ያያል፤ ቁልፉን ሲቀበል «ሌላ ቅጂ አላስቀረህም አይደል ጋሼ?» ብሎ ይስቃል፣ ሳቁን ግን መልሱን እስኪሰማ አይጨርሰውም። ጋሽ ሞረድም ከንፈሩን መጠቀም ተወ። በጣቱ እየዳበሰ ሲያስረክብ የሥራው ጥራት ወረደና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፍ ተመለሰበት። ባለ ፋርማሲዋ እንኳ፣ ስንት ዘመን የሱቋን ትርፍ ቁልፍ እሱ ዘንድ ስታስቀምጥ የኖረችው ሴት፣ አንድ ቀን ብቅ ብላ «ለአዲሷ ሠራተኛ ልስጣት ብዬ ነው» አለችና ወሰደችው። አዲስ ሠራተኛ አልቀጠረችም፤ ግድግዳ የሚጋሩ ሰዎች ይህን መደባበቅ አይችሉም።

ሚስቱ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ አልነበረችም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሲኒማ ቤቱ ደጅ ሄዳ በሰልፉ ፊት ቆመች። «ስሙኝ፣ ቁልፍ ሠሪው ንጹሕ ነው!» አለች ባላት ድምፅ። «ገዳዩ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ነው። መጨረሻ ላይ ጣሪያ ላይ ይይዙታል።»

ሰልፉ ተንጫጫ። ስለ ቁልፍ ሠሪው የገረመው አልነበረም፤ የተናደዱት መጨረሻውን ስላበላሸችባቸው ነው። «ምን አይነቷ ሴትዮ ናት ባካችሁ፣ ከፍለን እኮ ነው» አለ አንዱ ጎረምሳ። ዘበኛው ክንዷን ይዞ ከደረጃው አወረዳት። ቤት ገብታ ይህን ስትነግረው ጋሽ ሞረድ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለቱም የሚተያዩበት ፊት አጡ።

«ሰው ያሻውን ይበል» አላት በመጨረሻ። «የልጄ ቤት እስካወቀኝ ድረስ የት አባቱ።»

ልጁ ከእነሱ ሰፈር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሚመላለስ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት። ጋሽ ሞረድ በሳምንቱ መጨረሻ፣ እንደ ወትሮው፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሄደ። ደረጃውን ወጥቶ ከበሩ ፊት ሲደርስ እጁ ለማንኳኳት እንደተነሳ ቀረ።

የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል። ስትገባ እሱ በእጁ የገጠመላት ተነቅሎ፣ በቦታው አዲስ የሚያብረቀርቅ ተገጥሟል። እንጨቱ ላይ የመሮው ጭረት ገና ነጭ ነው። ከእሱ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ጠርተዋል ማለት ነው፤ ይህን የሚያህል ነገር ሲሆን ለእሱ ትንፍሽ ያለ የለም። አንኳኳ።

ልጁ ከፈተች። አባቷ ምን እያየ እንደሆነ ወዲያው ገባትና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባዬ፣ እሱ ነው እኮ» አለች። «እኔ አይደለሁም። እሱ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሐሳብ ይገባኛል አለ። ሰው ሥራ ቦታ የሆነ ያልሆነውን ሲያወራበት… አባዬ፣ እኔ እንኳ…»

«አንቺ ምን አልሽው?»

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። በፊልሙ ምረቃም አጠገቡ ተቀምጣ መሬት መሬት ስታይ የነበረች ልጅ ነች፤ ያኔ በእሱ ላይ በተሠራው ያፈረች መስሎት ነበር። አሁን የተሰማው ቁጣ ከዳይሬክተሩም፣ ከፖሊሱም፣ ከጋዜጣውም የበለጠ ነበር፤ የሚጥልበት ቦታ ግን አጣ። ብርቱካኑን አቀበላትና በሩ ላይ አጎነበሰ።

«ይህን የገጠመው ማነው?»

«እሱ ያመጣው ሰው ነው።»

«ደንቆሮ ነው። መወርወሪያው መቃኑ ውስጥ ግማሹ እንኳ አይገባም። ገፋ ያደረገው ሁሉ ይከፍተዋል።» ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ፤ ያለ እሱ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። «ከእኔ መዝጋት ካማራችሁ ደህና አድርጋችሁ ዝጉ።»

«አባዬ ተወው፣ በናትህ ግባ።»

አልገባም። ደፉ ላይ ተንበርክኮ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ የቁልፉን ቤት አቃናው፣ መቃኑን በመጠኑ ጠርቦ መወርወሪያው እስከ ጥግ እንዲገባ አደረገ። ልጁ አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች፤ እሱ ግን ቀና አላለም። ሲጨርስ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ዝጊው» አላት።

«አልዘጋም።»

«ዝጊ ልጄ። ልስማው።»

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከውስጥ ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተሰማ።

«ሁለቴ ነው የሚዞረው» አላት አባቷ፣ አፉን በሩ ላይ አስጠግቶ። «ሁለቴ አዙሪው።»

ትንሽ ቆየችና አዞረችው።