ለወንድሜ ያላስፈለገው አውፍ

ወንድሜ በተቀበረ ዕለት፣ ደሴ፣ ከመቃብሩ አጠገብ አጎታችን እንደ ደንቡ ጠየቀ። እሱ ላይ ሐቅ፣ ዕዳም ሆነ በደል፣ ያለው ሰው ካለ ይናገር፣ ከሌለም አውፍ በሉት አለ። ሰዉ ሁሉ አውፍ ብለናል አለ። ይቅር ብለነዋል ማለት ነው። በዚህ ማለቅ ነበረበት። አንድ ሰው ግን ከኋላ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"የመስጂዱን ታንከር ሥራ አበላሽቶብናል። እኔ ግን አውፍ ብየዋለሁ።"

ኮምቦልቻ ላይ ከወንድሜ ጋር በአንድ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነው። በእጄ አፈር ይዤ ነበር። ፊቱ ላይ ልበትነው ትንሽ ቀረኝ።

ሥራው ይህ ነበር። ኮምቦልቻ ባለ አንድ መስጂድ ጣሪያ ላይ የውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ የሚሆን፣ ውሃ ታንከር አለ። ወንድሜ ለአጅሩ፣ ለአላህ ምንዳው ብሎ፣ በነጻ፣ ውሃው ሲጎድል ፓምፑን የሚያስነሳ ሲሞላ የሚያጠፋ ዕቃ ሠራለት። በታንከሩ አፍ ላይ ውሃው የት እንደደረሰ የሚለካ ሴንሰር ሰቀለ። ሴንሰሩ የሚሠራው በአምስት ቮልት ነው። ፓምፑን የምታዘው ትንሽ ቦርድ ደግሞ ከሦስት ቮልት ከምናምን በላይ አትችልም። ስለዚህ ሴንሰሩ የሚልከው ምልክት መንገድ ላይ ዝቅ ማለት አለበት። ለዚህ ሁለት ሬዚስተር አስገባ። አንዷን በምልክቱ ሽቦ ላይ፣ ሌላዋን ከዚያ ወደ ጥቁሩ ሽቦ።

"በሐረጎ ቁልቁለት የጭነት መኪና በማርሽ ተይዞ ነው የሚወርደው" አለኝ ያኔ። "ከለቀቅከው ታች ያገኘውን ይፈጃል።"

እኔ ስልኬን እየነካካሁ ራሴን ነቀነቅኩለት።

ወንድሜ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ታንከሩ ሞልቶ ፓምፑ አልጠፋ አለ። ውሃው በጣሪያው ወርዶ የሴቶቹን መስገጃ ምንጣፍ አበሰበሰው። ሰውየው መቃብር ድረስ ይዞት የመጣው ይህን ነው።

ለቅሶ ተቀምጠን ሰዎች አብሽር፣ በርታ ሲሉኝ እኔ የምሰማው የሱን ድምፅ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። ስለዚህ ሥራ የማውቀው ከወንድሜ ጎን ሆኜ ያየሁትን ብቻ ነው። ቢሆንም በሦስተኛው ሳምንት የሱን የቮልት መለኪያ ቴስተር ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሰውየው ቴስተሩን አየ። ከዚያ እኔን።

"ኢንጂነር ሆንክ? ለቅሶ ላይ ነው የተመረቅከው?"

የቦርዷን ሳጥን ከፍተህ ምን ነካህ አልኩት። የተቃጠለችውን ቦርድ ነቅያለሁ፣ ሽቦውን ግን አልነካሁም አለ። ወላሂ ብሎ ማለ። አላመንኩትም። ሬዚስተሮቹን ያወጣሃቸው አንተ ነህ፣ የሞተ ሰው ስም ልታጠፋ ነው አልኩት። ጮክ ብየ ነው ያልኩት፤ መንገደኛ ቆሞ ሰማ። ነገሩ የመስጂዱ ሼህ ጆሮ ደረሰና ሁለታችንንም ጠሩን። ወጥተህ እየው አሉኝ።

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። የምልክቱ ቢጫ ሽቦ የተቀጠለበት ቦታ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ፈታሁት። ሬዚስተር የለም። ሽቦ ከሽቦ ተጠምዝዟል፣ በቃ። ይኸው ልል አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ናስትሮው የተፈታበትን አቅጣጫ አየሁ። እኔ ግራኝ ነኝ። ወንድሜም ሰውየውም ቀኞች ናቸው። ጥቅሉ የኔ ነበር።

ረስቼው ነበር። ማለቴ፣ አልረሳሁትም። ሰውየውን መጥላት ሸፍኖልኝ ነበር።

ወንድሜ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ አይጥ የሴንሰሩን ሽቦ በላው፤ ወንድሜም እኔን ላከኝ። የተበላውን ቆርጠህ ጣል፣ ቀለሙን ከቀለሙ ግጠም አለኝ። ከተበላው ጋ በናስትሮ የታሸገ እባጭ ነበር። ውስጡን አላየሁም። የድሮ ቅጥያ መሰለኝና አብሬ ቆርጬ ጣልኩት። ለካ ሬዚስተሮቹ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከወረድኩ በኋላ ከአልጋው ደወለ።

"እባጩን አልነካህም አይደል?"

ፀሐዩ ከባድ ነበር። ተመልሶ መውጣት ሰለቸኝ።

"አልነካሁም" አልኩት።

ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሠራ። አምስቱ ቮልት ቦርዷን እስኪገድላት።

ከጣሪያው ስወርድ ሼሁና ሰውየው ከመሰላሉ ሥር ይጠብቁኝ ነበር።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው ሼሁን። "ወንድሜ በትክክል ነው የሠራው። አውፍ ይበሉኝ።"

ሼሁ ወዲያው አውፍ አሉኝ። ምንጣፍ ይደርቃል አሉ። ሰውየው ሳቀ።

"በሐሰት የማልኩ አስመስለኸኝ ነበር። በል፣ አንተንም አውፍ ልበልህ።"

"እኔን ተወኝ" አልኩት። "ለወንድሜ ያልከውን አውፍ መልስ። ምንም አላጠፋም። ደሴ ወጥተህ፣ በሰሙህ ሰዎች ፊት መልሰው።"

አውፍ ይመለሳል እንዴ ብሎ ወደ ሼሁ ዞረ። ሼሁም፣ ጥፋት በሌለበት አውፍ የለም፣ ያጎደፍከው ስም ነው፣ ሂድ አሉት።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤታችን መጣ። አጎቴም ጎረቤቶቹም ነበሩ። ውሃ ቀረበለት፤ አልጠጣም። እኔ ሰላም አላልኩትም።

"ሥራው ደህና ነበር" አለ ቆሞ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማን አበላሸው?" አለ አባቴ።

ሰውየው አየኝ። ሊናገር ይችል ነበር። ግን ለኔ ተወልኝ። ለዚህም ጠላሁት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።