የእሁዱ ሆድ ቁርጠት

እሁድ ጠዋት፣ ባሕር ዳር

እህቴ ጥሩወርቅ ትናንት ከደብረ ታቦር ደወለች። «ያንን የጥርስ ሳሙናሽን ልጥለው ነው! በየእሁዱ ልጄን ሆዷን እየቆረጠ ያስመልሳታል» አለችኝ። ክው አልኩ። ሳሙናውን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ የምሠራውም ጥርስ ክሊኒክ ነው። ልጇ ማህሌት ገና አምስት ዓመቷ ሲሆን ሁለት መንጋጋዎቿ ተበልተዋል። ሳሙናው ከተጣለ የቀሩትም መሄዳቸው ነው። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሐሙሲት

ረዳቱ ሰው እስኪሞላ ቆምን። በመስኮት የአተር ቆሎ ገዛሁና አጠገቤ ለተቀመጡት አዛውንት ዘረጋሁላቸው። «ተይው ልጄ፣ እኔ ድምፁን ብሰማ ይበቃኛል» ብለው ባዶ ድዳቸውን አሳዩኝ። ሳቅን። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ስንያያዘው ብርዱ ጋቢ አስመኘኝ።

ደብረ ታቦር

ከጋፋት በኩል ካለው ቤታቸው ስደርስ ከቅዳሴ ተመልሰው ትኩስ ድንች በአዋዜ ይበላሉ። እኔም ጠግቤ በላሁ። ከዚያ ማህሌትን «እስቲ እንዴት እንደምትፍቂ አሳይኝ» አልኳት። ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር በሳሙና ሞላችው! ጠረግኩና ከኪሴ የተረፈች አንድ አተር አውጥቼ «ይችን ታህል ብቻ» አልኳት። ጎበዝ፣ አሳምራ ፋቀች።

«በይ ትፊ።»

አፏን ግጥም አድርጋ የአባቷን እናት እማማ የሺን አየች። ዋጥ!

«ምነው?»

«ቆርቤያለሁ። የቆረበ አይተፋም።»

እናቷ ጭንቅላቷን ያዘች፤ «በሌላው ቀን እኮ ትተፋለች!» ነገሩ ተገለጠልኝ። ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ጥርስ ያጠነክራል፤ ልጅ አብዝቶ ሲውጠው ግን ሆድ ያማል፣ ሲደጋገምም ገና በሚበቅሉት ጥርሶች ላይ ነጠብጣብ ይተዋል።

«እማማ፣ ምን ይሻላል? ቁርባኑን እንዳንዳፈር፣ ልጅቷንም እንዳናሳምም» አልኳቸው፤ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ።

«ይሄ ምኑ ይጨንቃል? እሁድ በባዶ ውሃ ትፋቀው፤ ብትውጠውም ውሃ ነው። በሌላው ቀን ሳሙናውን እናቷ ታድርግላት። ልጅ እጅ ላይ ምን ያደርጋል?»

እሰይ፣ እማማዬ! ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ። ጥሩወርቅም ሳሙናውን ከቁምሳጥን አናት ላይ ሰቀለችው።

ባሕር ዳር

ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ትንሽም አፍሬ። ለስንቷ እናት «ይትፋ በሉት» እያልኩ ስመክር፣ የማይተፋበት ቀን እንዳለ እኔው ራሴ እየቆረብኩ አላሰብኩትም።

በሳምንቱ እሁድ ስልኬ ጮኸ። ማህሌት ናት።

«አክስቴ፣ ውሃውን ዋጥኩት! ሆዴን ግን አላመመኝም።»