ወላሂ ያለው ሻጭ

እኔ ስፈራ እቆጣለሁ። ሌላው ሰው ሲፈራ ያለቅሳል ወይ ዝም ይላል፤ እኔ የምሰድበው ሰው ነው የምፈልገው። ያን ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ከደሴ ሲደውል ኮምቦልቻ በምሠራበት ፋብሪካ ቢሮ ነበርኩ። ድምፁ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል። «አገኘሁት!» አለኝ።

ምን እንዳገኘ ለመናገር ስለ አባባ ማውራት አለብኝ። አባታችን ሰኞ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን በመንዙማቸው ነው። ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ ወዳጃ በተደረገበት ቤት ሁሉ ድቤው ሳይመታ እሳቸው መምጣታቸው ይጠየቃል። እናታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ወደ አኼራ ስለሄደች ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ እያንጎራጎሩ ነው ያሳደጉን ብል ይሻላል። በኋላ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ቀዶ ጥገናው ነፍሳቸውን አተረፈና ድምፃቸውን ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ጆሮ አስጠግቶ ካልሆነ የማይሰማ ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው፤ ለሱም ስለሚደክሙ በእጃቸው ነበር የሚያወሩት።

ድምፃቸው የነበረው ካሴት ላይ ነው። ወንድም ጋሼ፣ ሱቁን የወረሰው ታላቄ ማለቴ ነው፣ ኮምፒውተር ገዝቶ ካሴቶቹን በሙሉ ወደዚያ አስገለበጠ። ካሴቶቹስ? በእኛ ቤት ዱዓ ያለበትን ነገር «ስጡኝ» ያለን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው። አንዱ ለታመመች እናቴ፣ ሌላው ዓረብ አገር ለምትሄደው ልጄ እያለ ይመጣል። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል፣ ይሰጡታል። ኮምፒውተር ላይ አለ ተብሎ ሁሉም ተሰጥቶ አለቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ሌላ ቦታም አስቀምጠው ብዬ ለምኜው ነበር። ኢንሻአላህ አለኝ። የወንድም ጋሼን ኢንሻአላህ እኔ አውቀዋለሁ።

ያ ቅጂ ሹሹታ ነበረበት። ከድምፃቸው ሥር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። አባባ ከዓስር ሶላት በኋላ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ክፈቱልኝ ማለታቸው ነው። ተጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። ወንድም ጋሼ ሹሹታው እንቅልፍ ነሳው። ለመውሊድ ድምፃቸውን አጥርቼ አሰማቸዋለሁ ብሎ ድምፅ የሚያጸዳ ሶፍትዌር ይፈልግ ጀመር። የሶፍትዌሩ ባለቤቶች ገጽ ላይ ያለው ዋጋ ለኛ የማይሞከር ነበር። ታዲያ ያን ጠዋት አገኘሁት ያለው ያንኑ ሶፍትዌር በአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ ሰው ነው።

በምን ነው የሚከፈለው አልኩት። ሻጩ የሞባይል ካርድ ቁጥር ፍቀህ ላክልኝ ብሎታል። ለምን ረከሰ? ለዛሬ ብቻ ነው፣ ከመግሪብ በኋላ ይወደዳል ተባለ። ሌላስ ምን አለህ? አንቲቫይረሱን አስቀድመህ አጥፋው፣ በስህተት ይከለክልሃል ብሎኛል አለ፤ ይህንንም እንደ ጥሩ ምክር ነበር የነገረኝ። ዘበኛውን ካላሰናበትክልኝ አልገባም የሚል እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? በእኛው ቢሮ አንዱ እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር አምጥቶ ጭኖ፣ የክፍሉ ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ ተቆልፎ፣ ስክሪኑ ላይ ገንዘብ አምጡ የሚል ጽሑፍ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አንዱም አልተከፈተም።

«ወላሂ ብሎኛል እኮ!» አለኝ ወንድም ጋሼ። «ከዚህ በላይ ምን ልጠይቀው?»

ወንድሜ ሞኝ አይደለም። ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ወላሂ ካለ ደግሞ መጠየቅ እሱንም አባቱንም መስደብ ነው። ብዙ ዕቃ ያለ ወረቀት በዚያች ቃል ብቻ ሲሸጥና ሲገዛ ኖሯል። ግን እዚያ የማለውን ሰው ሱቁን ታውቀዋለህ፣ አባቱን ታውቃለህ፣ ጁምዓ አጠገብህ ይሰግዳል። ይሄኛው ፊቱ እንኳ የለም፤ በፎቶው ቦታ ያስቀመጠው አበባ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ጮኼ ልነግረው ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። ያቺ የስልክ ሴትዮ ደንበኛው አይገኙም አለችኝ። እሷንም ሰደብኳት።

ለአለቃዬ አባቴ በጠና ታመዋል ብዬ ወጣሁ። ውሸት መሆኑ ትዝ ያለኝ ሚኒባሱ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያኔም ውሸት አልመሰለኝም።

ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ጉሙ ዋጠን። ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየዳሰሰ ይሄዳል፣ ገደሉ በየትኛው በኩል እንደሆነ እንኳ አይታይም። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም ገደሉን እፈራ ነበር። ያን ቀን የምፈራው መድረስን ነበር። አሁን አጥፍቶት ይሆናል፣ አሁን ጭኖት ይሆናል፣ አሁን አባባ ለሁለተኛ ጊዜ ድዳ ሆነው ይሆናል እያልኩ መቀመጫውን ጨብጫለሁ። ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ በሱ ላይ ጮህኩበት።

ደሴ ፒያሳ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። አባባ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ በሥራ ቀን ምን አመጣሽ ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። ናፈቁኝ አልኩና ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ወንድም ጋሼ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። ፊቱ አመድ ሆኗል። ለካ የደወለልኝ ከጫነው በኋላ ነው። ምሥራች ሊነግረኝ ነበር፤ ስቆጣበት ፈርቶ ሳይናገር ቀረ። የፋይሎቹ ስም እያየነው ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይለወጥ ነበር። የአባባ መንዙማዎች፣ እያንዳንዱ በተባለበት ቤት ስም የተሰየመው ሁሉ፣ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ጭራ እየበቀለበት ይሄዳል። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ዞር ስንል አባባ በር ላይ ቆመዋል። ምንድነው ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ሁለታችንም «ምንም» አልን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እንዴት እንዳለፉ አላህ ነው የሚያውቀው። ኮምፒውተሩን ማብራት እንደ መርዝ ፈራነው። ከዓስር በኋላ አባባ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ ወንድም ጋሼ መብራት የለም ይላቸዋል። አባባ በመስኮት የጎረቤቱን አምፖል ያዩና መዳፋቸውን ከጆሯቸው ያወርዳሉ። እኔ ያን ማየት አቅቶኝ ወጥ ቤት ገብቼ ሰሃን አጋጭ ነበር።

ፒያሳ ያለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ዲስኩን አውጥቶ ለብቻው መረመረው። የተቆለፈው ተቆልፏል፣ አይከፈትም አለን። ገመዱ እስኪነቀል ያልደረሰባቸው ጥቂቶች ብቻ ተረፉ። ወዲያው ፍላሽ ላይ፣ ስልኬ ላይ፣ ቢሮዬም ጭምር አስቀመጥናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ምን ይደረግ።

ማጽጃውን እኔ ፈለግኩት። ድምፅ የሚያጸዳ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በገዛ ገጻቸው ለማንም በነፃ የሚሰጡት ሶፍትዌር አለ። ወንድም ጋሼ ነፃ የሚለውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ማን ነው በነፃ የሚሰጠው፣ ምን ፈልጎ ነው አለኝ። እስቲ እየው አልኩት፤ የሚምልልህ የለም፣ እስከ መግሪብ ብቻ የሚልህ የለም፣ ዘበኛህን አሰናብት የሚልህ የለም። ያገኘሁትም በሠሪዎቹ በር ገብቼ እንጂ በመንደር ደላላ አይደለም። አፌ ይህን ይበል እንጂ ጠጋኙ አጽድቶ በመለሰልን ኮምፒውተር ላይ ስጭነው ቢስሚላህ እያልኩ ነበር። አንቲቫይረሱ አልጮኸም። ፋይሎቹም እንዳሉ ነበሩ።

አንዱን መንዙማ አጸዳሁት። ሹሹታው ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ የአባባ ድምፅ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ሰው ሆነ። ጁምዓ ከሰዓት አባባን አስቀምጠን ከፈትንላቸው። ወንድም ጋሼ ገና ሲጀምር አለቀሰ። እኔም ተረፍን ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስኩ።

አባባ ግን ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጉ። ጆሯቸውን ለጠፉበት። ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩንና እጄን ይዘው ጎተቱኝ።

«እሷን የት ጣላችኋት?» አሉኝ በዚያች ሹክሹክታቸው።

አልገባንም። የድሮውን፣ ያልጸዳውን ክፈቱ ብለው በእጃቸው አዘዙ። ከፈትነው። ሹሹታው መጣ። አባባ ጣታቸውን አነሱ፣ ጠብቁ ማለታቸው ነው። አዝማቹ ጋ ሲደርስ፣ ከሹሹታው ሥር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ከሴቶቹ በኩል፣ ቀጭን ድምፅ ብቻዋን ቀድማ ተቀበለች። «እናትሽ ናት» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የእናቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባባ ያን ሁሉ ጊዜ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት የራሳቸውን ድምፅ ናፍቀው መስሎን ነበር።

የጸዳውን ወዲያው አጠፋሁት። ያልጸዳው ዛሬም በየቦታው ተቀምጧል፣ ስልኬ ላይም አለ።

ከተቆለፉት ውስጥ በስንቱ ላይ እንደነበረች ግን አባባን አልጠየቅናቸውም። እስኪሞቱ ድረስ ፈራን። እሳቸውም አልነገሩንም።